ምንም አይፈልግም

ካርቱም ውስጥ ችግኝ ሻጭ የሐበሻን ልብ ያውቅ ነበር። በዓባይ ዳር ከተደረደሩት መሽተሎች፣ ማለት የችግኝ መሸጫዎች፣ አንዱ በር ላይ ሐበሻ ሲቆም ሻጩ ጽጌረዳውን አያሳየውም፤ ቡገንቪላውንም አያነሣበትም። በቀጥታ ወደ ጥጉ ይወስደውና በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ቁጢጥ ያለውን ባለ ሾህ ድብልብል ብድግ ያደርግለታል። «በስንት ቀኑ ውሃ ይጠጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን ወደ ሰማይ ያወናጭፋል። «ያ አኺ፣ ዳ ማ ዳይር ሓጃ!» ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ምንም አይፈልግም።

ሐበሻ እጁን ኪሱ የሚከተው እዚህ ላይ ነው። አከራይ ኪራይ ይፈልጋል፤ ፖሊስ መታወቂያ ይፈልጋል፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሐዋላ ይፈልጋል፤ ኤምባሲ ፎቶ ይፈልጋል፣ ያውም መደቡ ነጭ የሆነ። ይህን ሁሉ ፈላጊ ተሸክሞ ለሚኖር ሰው ምንም የማይፈልግ ፍጡር ሲገኝ በተባለው ዋጋ ነው የሚገዛው። እንዲያውም ሳይከራከር መክፈሉን ያየ ሱዳናዊ ደንበኛ ሻጩን በዓይኑ ሲጠቅሰው አይቻለሁ።

የካርቱም ሐበሻ ዕቃ አይገዛም ነበር። «በሚቀጥለው ወር ሄጃለሁ» ስለሚል ቁም ሣጥን አይገዛም፤ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ የሻንጣው ዚፕ ግን ከተበጠሰ ቆይቷል። የስደት ፕሮሰሱ ካናዳ ነው፣ አውስትራሊያ ነው፣ አንዳንዴም በእሱ ዕድሜ የማያልቅ ነው። እሱ የካርቱሙ ጅሬፍ ሰፈር ሲገባ ያልተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በዓረብኛ ይሰድበዋል፤ እሱ ግን አሁንም መንገደኛ ነው። ለመንገደኛ ደግሞ ከቁልቋል የተሻለ ዕቃ የለም። ቤት ያስመስላል፣ ኃላፊነት አያመጣም፣ ሲሄዱም ለጎረቤት ይሰጣል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ሁለተኛው ማሳመኛ የአየሩ ጠባይ ነው። ቁልቋል የበረሃ ነው፣ ካርቱም በረሃ ናት፤ ስለዚህ አገሩ ገባ። ማን ይህን ይከራከራል? ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዕፅዋት አጥኚዎች ካክተስ ብለው የሚጠሩት ዘር ከአንድ ዝርያ በቀር የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። በየሳሎኑ የሚታየው ወርቃማ ሾህ ያለው ድብልብል የመካከለኛው ሜክሲኮ፣ የኬሬታሮና የኢዳልጎ ግዛቶች ልጅ ነው፤ ቀን ቢያቃጥለውም ማታ ነፋሻ አየር ያገኛል። ማታው ደግሞ ዋናው ነው። ካክተስ ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውላል፤ የሚተነፍሰው ሌሊት ነው። አየሩ ሲበርድ ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስገባል፣ በአሲድ መልክ አከማችቶ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ዘግቶ በእሱ ሥራውን ይሠራል። የካርቱም ግንቦት ግን ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊቱም ከ27 ዝቅ ለማለት የሚያንገራግር ነው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሰው ጣሪያ ላይ አልጋ አውጥቶ ይተኛል፤ ካክተሱ ደግሞ ሥራ ያቆማል። ሥራ ያቆመ ሥር ውሃ አይጠጣም። ሲያጠጡት በሞቀ ጭቃ ውስጥ ይቀቀላል።

እንዲያውም በአሪዞና በረሃ ላይ በፊልም የምናየው፣ እጁን ወደ ላይ የሰቀለው ግዙፉ ሳጓሮ እንኳ የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ተደብቆ ነው። በ10 ዓመቱ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም፤ ያን ሁሉ ዓመት ሌላ ዛፍ ፀሐዩን ይከላከልለታል። እኛ ግን ከመሽተሉ መረብ ጥላ ያወጣነውን ጨቅላ «በረሃ አይደል ያደገው!» ብለን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን።

ሰሃፋ ሰፈር ይህን ያደረገ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ግንቦት ላይ ገዛ፣ ከመሽተሉ በራክሻ፣ በባጃጅ መሆኑ ነው፣ አመጣ፣ በቀጥታ ጣሪያ ላይ አወጣ። በሳምንቱ በምዕራብ በኩል ያለው ጎኑ ነጣ፣ ከዚያ የደረቀ እንጀራ ቀለም ያዘ። ወዳጄ ይህን አይቶ ምን አደረገ? ቀለሙ እንዲስተካከል አዞረው! በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ጎን ነጣ። ደግሞ አዞረው። እንዲህ እያለ በአራቱም አቅጣጫ እኩል ካስጠበሰው በኋላ «አሁን ተመሳሰለ» አለኝ በእርካታ። የፀሐይ ቃጠሎ እንደሆነ፣ ሲነካ ደረቅና ጠንካራ የሆነ የነጣ ጠባሳ መቼም ወደ አረንጓዴ እንደማይመለስ፣ ማድረግ የሚቻለው ጥላ ሰጥቶ አዲሱን እድገት መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ብነግረው ደስ አላለውም። «ቅባት የለውም?» አለኝ። የሚቀባ ነገር የሌለው በሽታ ሐበሻ አይቀበልም።

ቅባት ከተባለስ ዴም ሰፈር ነበር። ዴም ውስጥ ክትፎና ሽሮ የሚሸጥ አንድ ቤት መግቢያው ላይ ረጃጅም ቁልቋሎች ነበሩት። ባለቤቱ ዓርብ ዓርብ፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት፣ አሮጌ ካልሲ እጁ ላይ አጥልቆ በሕፃን ዘይት ያሻቸው ነበር። ያበራሉ፣ እውነት ነው። የሚተነፍሱበት ቀዳዳ በዘይት የተደፈነ ተክል ለጥቂት ጊዜ ያበራል። ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውን ቡናማ ቅርፊት ደግሞ ቆሻሻ መስሎት በብሩሽና በኦሞ ይፈትግ ነበር። እሱ እርጅና ነው። ቁልቋል ሲያረጅ ከሥሩ ቅርፊት ያወጣል፤ ደረቅና ጠንካራ እስከሆነ ድረስ አይነካም። ሽበትን በኦሞ የሚያጥብ የለም ብዬ ልነግረው አስቤ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

እዚያው ቤት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ፣ አናቷ ላይ ሮዝ አበባ ያላት ትንሽ ቁልቋል ተቀምጣ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አበባው አልረገፈም። ልጅቷም «እጄ ቅን ነው» ትላለች። ጠጋ ብዬ ሳየው አበባው በሙጫ የተለጠፈ ደረቅ አበባ ነው፤ ከግርጌው ያሉት ነጫጭ ጠጠሮችም እርስ በርስ በሙጫ ተያይዘዋል። ውሃ ሲፈስበት በጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ሂሳብ ደብተሩ ይሄዳል። ለዚህች ቁልቋል ሕይወቷን ያተረፈላት ይሄ ሙጫ ይመስለኛል።

ሌላው የሚያስቀኝ ባለ ቀይ ቆቡ ነው። ከታች አረንጓዴ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንድ፣ ከላይ እንደ ቲማቲም የቀላ ጉብታ። ብዙ ሰው ቀዩን አበባ ነው ብሎ እስኪፈካ ይጠብቃል። አበባ አይደለም፤ አረንጓዴ ቀለም ያጣ፣ ብቻውን ምግቡን መሥራት የማይችል ሌላ ካክተስ ነው፣ በታችኛው ላይ ተዳቅሎ በእሱ ላብ የሚኖር። የታችኛው ለፍቶ ያበላል፤ የላይኛው በቀይ ቀለሙ ይወደሳል። ይህ ዝግጅት ዘላለማዊ አይደለምና ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙ ጊዜ ቀዩ ይጠወልግና ይሞታል። አንዱ ባለቤት ቀዩ ወድቆ ግንዱ ከጎን አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ጓደኞቹን ጠርቶ «ተለወጠ፣ አደገ!» ብሎ ቡና አፈላ። ያ ግንድ የድራገን ፍሬ ወገን ነው። ሰውየው ጌጡን ቀብሮ ሳያውቀው ፍራፍሬ ልማት ገብቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ቁልቋል ቢጫ ወደሚሆንበት ነገር ልምጣ።

ጅሬፍ ውስጥ አንድ ሆሽ ነበር። ሆሽ ማለት በግንብ የታጠረ ግቢ፣ ዙሪያውን ክፍሎች፣ መሀሉ ላይ የውሃ ዚርና የገመድ አልጋዎች። በየክፍሉ ሐበሻ ነው፤ በዚሩ አጠገብ ደግሞ የጋራ ቁልቋል በሚያምር ባለ ቀለም የሸክላ ማሰሮ ውስጥ። የማሰሮው ቂጥ ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳ ያለው ርካሽ ስለሆነ ተንቆ ተትቷል። አንድ ቀን ቁልቋሉ ከሥሩ ቢጫ ሆነ።

«ጠምቶት ነው» አለች ዓማራት ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው።

ፍርዱ በዚህ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እሷ ሌሊት ተነሥታ ወደ ሥራ ስትሄድ አንድ ኩባያ ታጠጣለች። ራክሻ የሚነዳው ቀን ለምሳ ሲገባ «ይሄን ማንም አያስታውሰውም» እያለ አንድ ኩባያ ያጠጣል። ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ ከትምህርት ሲመለስ የፊቱን ውሃ እሱ ላይ ያፈሳል። ሁሉም በምስጢር፣ ሁሉም በርኅራኄ፣ ሁሉም «እኔ ባልኖር» እያለ። ቁልቋሉ በባሰበት ቁጥር ኩባያው ተለቀ።

ከዚያ ጉባኤ ተቀመጠ። አንዱ የቡና አተላ ጨምሩበት አለ፤ ተጨመረ። አንዷ ሩዝ የታጠበበት ውሃ አለች፤ ተጨመረ። ሌላዋ ጸበል አመጣች፤ እምነቷን አከብራለሁ፣ ግን እሱም ውሃ ነው። የአከራያችን እናት ሐጃ ብቅ ብለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳ ዐይን» አሉ። የሰው ዓይን ነው። ባኹራቸውን አምጥተው አጠኑት። የኛዎቹም እንዳያንሱ እጣን ጨመሩ። ቁልቋሉ የሁለት አገር ጭስ ታጠነ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሾሁ ላይ ተሰካለት፣ ቀይ ክር ታሰረለት። ወገቡ ግን ወደ አንድ በኩል መዝመም ጀመረ።

እውነቱን የተናገረ ሰው አልጠፋም። ከዓዲግራት የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ግርጌውን ጫን አደረገው፣ ጣቱ ገባ። «በስብሷል። ነቅላችሁ ከጤነኛው ጀምራችሁ ቁረጡት» አለ። ማን ሰማው? «አንተ የምታውቀው በለስ ነው፤ ይሄ የቤት ነው» አሉት። አስቂኙ ነገር ከሁላችን ይልቅ ካክተስ የሚያውቀው እሱ ነበር። የትግራይ በለስ መነሻው ሜክሲኮ የሆነ እውነተኛ ካክተስ ነው። እኛ ጎጃምና ጎንደር አጥር ላይ ያደግንበት፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ግን በመልክ እንጂ በዘር ካክተስ አይደለም፤ መሽተል ውስጥ ከሚሸጡትም አንዳንዶቹ የዚህ የወተታሙ ወገን ናቸው፣ ወተቱም ዓይን ከገባ ክፉ ነው። ልጁ በሽታም አይቷል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ለቀይ ማቅለሚያ ተብሎ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የሚባል ነፍሳት ከእጅ አምልጦ የበለስ ጠላት ሆኗል፤ በቅጠሉ ላይ ነጭ ጥጥ ይመስላል፣ ሲጨፈለቅ እንደ ደም ይቀላል። የማሰሮ ቁልቋልንም ጥጥ የሚመስል ሌላ ተባይ ይይዘዋል፤ እሱ በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ይጠረጋል። ጉባኤው አልኮሉን ሲሰማ ትንሽ ፍላጎት አሳይቶ ነበር፣ ግን ሱዳን ነንና ነገሩ ቀረ።

ልጁ ያለው ሕክምና ቀላል ነው። በንጹሕ ቢላ ቡናማው ክብ እስኪጠፋ፣ ሥጋው ጥርት እስኪል ይቆረጣል። የተቆረጠው ጥላ ውስጥ ይጋደማል፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ። ከዚያ በደረቅ ሻካራ አሸዋና በጥቂት አፈር ላይ፣ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ይቆማል፤ ሥር እስኪያወጣ ውሃ የለም። ምንም አለማድረግ ነው ሕክምናው። ይህ ለሐበሻ ኅሊና ከባድ ነው። የታመመ ተኝቶ ባዶ እጅ ይገባል? ብርቱካን ሳይያዝ? አጥሚት ሳይቀርብ? በዚያ ላይ የሆሹ ሰው ሁሉ የራሱን ጉዳይ የሚያይለት ቢሮ ስልክ እስኪደውል የሚጠብቅ ነው። ስልኩ አይጮኽም፤ ፋይሉን መግፋት አይችልም። መግፋት የሚችለው ኩባያውን ብቻ ነበር። የሚጠብቅ ሰው እጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፣ ምንም የማይፈልገውን ነገር ሳይቀር ሲያስታምም ይገድለዋል። ቁልቋሉ አንድ ጠዋት በራሱ ላይ ፍስስ ብሎ ተገኘ። ሐጃ «ዐይኑ ከባድ ነበር» አሉ።

በዚያው መንገድ ጥግ ላይ፣ ከኒም ዛፍ ሥር የምትቀመጥ ሱዳናዊት ሻይ ሻጭ ነበረች። ከበርጩማዋ አጠገብ ያለው ቁልቋል በሰፈሩ ውስጥ አቻ አልነበረውም፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የጠነከረ፣ ዙሪያውን ልጆች የወለደ። ማሰሮው ምን ነበር? አሮጌ ካኑን። ከሰል ስታቀጣጥልበት የኖረች፣ ከታች አመድ መጣያው ተበሳስቶ ያለቀ የቆርቆሮ ምድጃ። ውሃ ከላይ ቢፈስ ወዲያው ከታች ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ለስላሳ ፀሐይ ያገኛል፤ ቀትር ላይ ኒሙ ይጋርደዋል። ምስጢሯን ጠየቅኋት። ስኳር በማንኪያ እያማታች «የትኛው ዛፍ?» አለችኝ። መኖሩንም ልብ አላለችው። ውሃ? ብርጭቆ ያለቀለቀችበትን አንዳንዴ ታፈሳለች፤ ትዝ ካላት። የእኛ ሰዎች ሻይዋን እየጠጡ ይህን ቁልቋል ያደንቁና «የሱዳን አፈር ይስማማዋል» ብለው ይነሣሉ። ያ አፈር የእነሱም ደጅ ላይ ነበር።

ዝናቡስ? የካርቱም ዓመታዊ ዝናብ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፣ አዲስ አበባ የዚያን ስምንት እጥፍ ገደማ ታገኛለች። ግን ኸሪፍ፣ የእነሱ ክረምት፣ ሲመጣ የተጠራቀመውን በአንድ ሌሊት ሊያወርደው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 በአንድ ቀን ከዓመት ዝናብ በላይ ወርዶ ከተማዋን ውሃ አጥለቅልቋታል። ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ባለቤት የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ይመጣና ቁልቋሉን በአቧራ ቀይ ያደርገዋል፣ «ቀለሙ ተቀየረ!» የሚል ጩኸትም ይነሣል። ለዚህኛው መድኃኒቱ እርጥብ የቀለም ብሩሽ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ቀዳም ስዑር ነበር። በየሆሹ ሽንኩርት ተከትፎ፣ ዶሮ ተበልቶ ሳይሆን ገና ታስሮ ነበር። «በሚቀጥለው ወር» ሲባል የኖረው መሄድ በዚያ ሳምንት መጣ፣ ማንም በጠበቀው አቅጣጫ ሳይሆን፤ በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ በመተማ። ቁልቋል የያዘ ሰው አላየሁም፤ ያች ዚፗ የተበጠሰች ሻንጣ ግን በገመድ ታስራ መጣች።

ያ የሰሃፋው ወዳጄ አሁን አዲስ አበባ ነው። ሌላ ፕሮሰስ ጀምሯል፤ ኮንዶሚኒየም ተከራይቷል፤ በረንዳው ላይ አዲስ ቁልቋል አለ። ባለፈው ክረምት እናቱ ከጎንደር ገጠር ለሕክምና መጥተው እሱ ዘንድ ሰነበቱ። ቡና እየጠጣን ሳለ ዓይናቸው በረንዳው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድር ነው?»

«ቁልቋል ነው፣ እማዬ።»

«መሆኑንስ አየሁት። ከየት መጣ?»

«ገዛሁት።»

እናትየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ልጁ ዋጋውን ሲጠየቅ በግማሽ ቀንሶ ነገራቸው፣ እሱም አልጠቀመውም። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማህልኝ? ለቁልቋል ብር ከፈለ! አጥራችን ዙሪያውን ምን ሊሆን ነው ታዲያ? እኔ ሳላውቅ ባለጸጋ ነበርኩ እንዴ?»

«የውጭ ነው እማዬ፣ ይሄ ሌላ ዘር ነው።»

«እሺ የውጭ ይሁን። ደሞ ይሄ ከሥሩ የጠቆረው ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን ነው ያልገባኝ» አለ ወዳጄ በሐሳብ። «ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ እኮ።»

«ታጠጣዋለህ?» አሉ። «በክረምት?»